ስሙ የጋረደው ሆርሞን

አማርኛችን ለሆድ የሰጠው ሥልጣን ከፍ ያለ ነው። ምስጢር የሚያድረው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሐዘን አንጀት ይበላል፤ መልካም ወሬ አንጀት ያርሳል፤ የናፈቀ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የተቀያየሙ ሰዎች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። የሕክምና ሳይንስ ግን ሆድን ለብዙ ዘመን የሚያውቀው በወፍጮነቱ ነበር። አንጎል ከላይ ያዝዛል፣ ሆድ ከታች ይፈጫል፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በላቦራቶሪ ውስጥ ግን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ የሚያወጣውም ነገሩን መጀመሪያ ባየበት ቀን ሲሠራ ባገኘው ሥራ ነው። የሆድ ሆርሞኖች ታሪክ እንዲህ በችኮላ የወጡ ስሞች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ጨጓራ የሚያመነጨው ግሬሊን ነው። መጀመሪያ የእድገት ቀስቃሽ ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶ የረሃብ ሆርሞን ተባለ። ስም በወጣለት በአሥር ዓመቱ ደግሞ የአይጦችን የአንጎል ህዋሳት ከኦክስጅን ጉዳት ሲከላከል ተገኘ። እዚያ ለመድረስ ግን ታሪኩ አንድ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስደናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1902 እስከ 1905፦ ነርቭ ሳይኖር የደረሰ መልእክት

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ስለ ምግብ መፈጨት የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት በሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ለዓመታት ባደረገው ምርምር ጨጓራና ቆሽት ፈሳሻቸውን በነርቭ ትእዛዝ እንደሚያመነጩ አሳይቷል። ከጨጓራ የወጣ አሲዳማ ምግብ ትንሹ አንጀት ውስጥ ገና ሲገባ ቆሽት ፈሳሹን መልቀቅ ይጀምራል። ለእንዲህ ያለ ፈጣን መልስ ከነርቭ በቀር ሌላ መንገድ አለ ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1902 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ይህንኑ ሊፈትሹ ተነሡ። በማደንዘዣ የተኛ ውሻ የትንሽ አንጀት አንድ ክፍል ለይተው ወደዚያ የሚሄዱትን ነርቮች ቆረጡ። ያን የአንጀት ቁራጭ ከቀረው አካል ጋር የሚያገናኘው የደም ሥር ብቻ ሆነ። ከዚያ አሲድ ጨመሩበት። ነርቭ የሌለው አንጀት ለቆሽት ምንም ሊነግረው አይችልም ነበር፤ ቆሽቱ ግን እንደ ወትሮው ፈሳሹን አወረደ።

ስታርሊንግ ነገሩ ወዲያው ገባው። መልእክቱ በነርቭ ካልሄደ በደም ሄዷል ማለት ነው። የአንጀቱን የውስጥ ልባስ ፍቆ፣ ከአሸዋና ከአሲድ ጋር ፈጭቶ፣ አጣርቶ በውሻው ደም ሥር ውስጥ ጨመረው። ቆሽቱ እንደገና አፈሰሰ። ሁለቱ ሰዎች ይህን የአንጀት መልእክተኛ ሴክሬቲን አሉት።

ወሬው ሩሲያ ሲደርስ ፓቭሎቭ ሙከራውን በራሱ ላቦራቶሪ አስደገመው። አንድ ተማሪው ባቆየው ትዝታ መሠረት፣ ፓቭሎቭ ውጤቱን ዝም ብሎ ተመልክቶ ወደ ቢሮው ገባ፤ ቆይቶ ወጣና ለንደኖቹ ትክክል መሆናቸውን፣ እውነትን የማግኘት መብትም ለራሱ ላቦራቶሪ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ ተናገረ። የነርቭ ሥራ ሐሰት አልነበረም፤ ብቻውን አለመሆኑ ነው የታወቀው።

በ1905 ስታርሊንግ በደም እየተጓዙ ሩቅ ያለ አካልን ለሚቀሰቅሱ ነገሮች ሁሉ የወል ስም ፈለገ። «እቀሰቅሳለሁ» ከሚል የግሪክኛ ግሥ ሆርሞን የሚለው ቃል ወጣ። ዛሬ ሆርሞን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ጉርምስና ወይም ስለ እርግዝና ነው፤ ቃሉ የተወለደው ግን ከአንጀት ነው።

ከ1921 እስከ 1987፦ በኢንሱሊን ጥላ ሥር

ቃሉን የወለደው አንጀት ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። በ1921 እና በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ኢንሱሊን ሲገኝ የስኳር በሽተኞች ከሞት አፋፍ ተመለሱ፤ የተመራማሪዎች ዓይንም ወደ ቆሽት ዞረ። በ1932 ቤልጅየማዊው ዣን ላ ባር አንጀት ኢንሱሊንን የሚያነሣሣ ነገር ያመነጫል ብሎ ኢንክሬቲን የሚል ስም አወጣለት። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ግን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሙከራ ፈልገን አላገኘነውም በማለታቸው ጉዳዩ ከሃያ ዓመት በላይ ተዘጋ።

ያስከፈተው የመለኪያ መሣሪያ ነው። በ1960 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በደም ውስጥ ያለን ጥቂት ሆርሞን በራዲዮአክቲቭ ምልክት መለካት የሚያስችል ዘዴ አወጡ። በዚህ ዘዴ በ1964 የተደረጉ ሙከራዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳዩ፤ በአፍ የተጠጣ ስኳር በደም ሥር ከተሰጠ ስኳር ይልቅ ብዙ ኢንሱሊን ያስወጣል። ልዩነቱ በአንጀት ማለፉ ብቻ ነው። አንጀት በእርግጥም ይናገራል ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ከእነዚህ የአንጀት ቃላት አንዱ ተነበበ። ግሉካጎን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠራው ጂን በውስጡ ሌላ ተመሳሳይ ቁራጭ ይዞ ተገኘ፤ ስሙም በመምሰሉ ብቻ ወጣለት፤ ግሉካጎን መሰል ፔፕታይድ 1፣ ባጭሩ ጂኤልፒ-1። እስከ 1987 በቦስተን እነ ስቬትላና ሞይሶቭና ጆኤል ሃበነር፣ በኮፐንሃገን እነ የንስ ሆልስት ኢንሱሊን የሚያነሣሣው ይኸው መሆኑን አረጋገጡ። የስኳር ሆርሞን የሚል መለያ ተለጠፈለት። ስለ አንጎል ያሰበ ግን ጥቂት ነበር።

ከ1954 እስከ 1993፦ የኦክስጅን ሌላ ገጽ

አንጎልን ወደዚህ ታሪክ የሚያስገባው ሌላ መንገድ በዚያው ዘመን ጎን ለጎን እየተጠረገ ነበር። ኦክስጅን የሕይወት እስትንፋስ የሚል የከበረ ስም አለው፤ ይህም ስም ጉዳቱን ለረጅም ጊዜ ሸፍኖት ኖሯል። በ1954 አርጀንቲናዊቷ ርቤካ ገርሽማንና ባልደረቦቿ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅንና የኤክስሬይ ጨረር ህዋስን የሚጎዱት በአንድ መንገድ ነው አሉ፤ ነፃ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪውሎችን በመፍጠር። በ1956 አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን ሐሳቡን አስፍቶ እርጅና ራሱ የዚህ ጉዳት ክምችት ነው የሚል ጽንሰ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1969 ግን በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆ ማኮርድና አርዊን ፍሪዶቪች ሥራው ነፃ ራዲካልን ማምከን የሆነ ኢንዛይም አገኙ። ሰውነት ጠባቂ ካቆመ ጠላት አለበት ማለት ነው፤ ክርክሩም መልኩን ቀየረ።

የጉዳቱ ምንጭ ከቤት ውስጥ ነው። በየህዋሱ ውስጥ ምግብን በኦክስጅን አቃጥለው ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። ከዚያ ሾልኮ የሚወጣ ያልተረጋጋ ኦክስጅን የህዋሱን ቅባት፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይነክሳል፤ ብረት ከሚዝግበት ኬሚስትሪ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ለዚህ ዝገት ከሌሎች አካላት ይልቅ የተጋለጠ ነው። ከአንጎልም ይበልጥ የተጋለጠው፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት ህዋሳት የሚገኙበትና ከቀለሙ የተነሣ በላቲን ጥቁሩ ነገር፣ ሰብስታንሺያ ኒግራ፣ የተባለው ክፍል ነው። እዚያ ብረት አለ፤ ዶፓሚን ራሱም ሲበላሽ ነፃ ራዲካል ይፈጥራል። እነዚህ ህዋሳት ሲያልቁ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል፤ ፓርኪንሰን ይባላል።

በ1982 በካሊፎርኒያ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። በሕገ ወጥ መንገድ የተቀመመ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ መንቀሳቀስና መናገር አቃታቸው። ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ ያዩት የአረጋውያንን ፓርኪንሰን በወጣቶች ላይ ነበር። በቅመማው ስህተት የተፈጠረው ኤምፒቲፒ የተባለ ኬሚካል አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ መርዝ እየተለወጠ የዶፓሚን ህዋሳትን ማይቶኮንድሪያ ይዘጋ ነበር። ሥራው ሲታጎል ነፃ ራዲካል ይበዛል፤ ህዋሱ ይሞታል። የእነዚያ ወጣቶች መከራ ለሳይንስ ሁለት ነገር ተወ፤ ፓርኪንሰንን በአይጥ ላይ ማስመሰል የሚቻልበትን መንገድ፣ እና የኦክስጅን ጉዳት በበሽታው ውስጥ ድርሻ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ።

ጠላቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል መሰለ፤ ነፃ ራዲካልን የሚያመክን ቫይታሚን መስጠት። ከ1987 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ 800 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች የተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ሞከረ። በ1993 የወጣው ውጤት ተስፋ አስቆራጭ ነበር፤ ቫይታሚኑ የበሽታውን ጉዞ አላዘገየም። ከእሳት ጭሱን መጥረግ አልሆነም። የቀረው ጥያቄ ምድጃው ራሱ ጭስ እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። መልስ ከየት እንደሚመጣ ግን በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ከ1996 እስከ 1999፦ ቁልፉ የጠፋ በር

በአሜሪካ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ሳይረል ባወርስ የእድገት ሆርሞንን ከፒቱታሪ ዕጢ የሚያስወጡ ሰው ሠራሽ ፔፕታይዶችን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። በ1996 የመርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች እነዚህ ፔፕታይዶች የሚያርፉበትን ተቀባይ ፕሮቲን በፒቱታሪና ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አገኙ። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነ። ሰው የሠራው ቁልፍ የሚከፍተው በር ካለ፣ ተፈጥሮ የሠራችው እውነተኛ ቁልፍ የት አለ? በሩ ያለው አንጎል ውስጥ ነውና ብዙዎች ቁልፉን እዚያው አንጎል ውስጥ ፈለጉ። አልተገኘም።

በጃፓን ኦሳካ በሚገኘው ብሔራዊ የልብና የደም ሥር ማዕከል ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ በሩን ተሸካሚ የሆኑ ህዋሳት አዘጋጅተው የአይጥን ልዩ ልዩ አካላት ጭማቂ እያፈራረቁ ይሞክሩ ጀመር። ምላሹ ከሁሉም በላይ የበረታው በጨጓራ ነው። የአንጎል በር ቁልፍ ሆድ ውስጥ ተገኘ።

ቁልፉ 28 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው። ግን አንድ ልዩ ነገር አለው፤ በሦስተኛው አሚኖ አሲድ ላይ አጭር የቅባት ጅራት ተሰክቶበታል። ያ ጅራት ከሌለ በሩን አይከፍትም። እንዲህ ያለ ጅራት ያለው ሆርሞን ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር። ግኝቱ በዲሴምበር 1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ስሙንም ከጥንታዊ የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች ሥር፣ «ማደግ» ከሚለው፣ ወስደው ግሬሊን አሉት። የተፈለገው የእድገት ሆርሞንን የሚያስወጣ ነገር ስለነበረ ስሙም ይህንኑ ተከተለ።

በዚያው በ1999 በሌላ ቦታ አንድ ሌላ ጽሑፍ ታተመ። በአሜሪካ ወንዢ ዱዋንና ማርክ ማትሰን ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች በኤምፒቲፒ ሲመረዙ የዶፓሚን ህዋሳታቸው የሚጎዳው ሆዳቸው ከጠገበ አይጦች ያነሰ መሆኑን ዘግበው ነበር። የረሃብን ምልክት የሚያመጣው ሆርሞንና ረሃብ ለአንጎል የሚሰጠው ከለላ በአንድ ዓመት ውስጥ ታዩ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው እስኪገኝ ግን ጊዜ ወሰደ።

ከ2000 እስከ 2005፦ «የረሃብ ሆርሞን»

ግሬሊን የእድገት ስሙን ብዙ አልተጠቀመበትም። በ2000 የተሰጣቸው አይጦች መወፈራቸው ታየ። በ2001 በለንደን ፈቃደኛ ሰዎች ሆርሞኑ በደም ሥራቸው ሲገባ ከወትሮው 28 በመቶ የሚበልጥ ምሳ በሉ። በዚያው ዓመት በሲያትል እነ ዴቪድ ከሚንግስ የሰውን ደም በየሰዓቱ እየለኩ፣ ግሬሊን ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በፊት እንደሚወጣ፣ ከተበላ በኋላ እንደሚወርድ አሳዩ። ሆድ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚጮኸው በዚህ ድምፅ ነው ማለት ነው። ውፍረት እያሳሰባቸው ላሉ አገሮች ይህ ትልቅ ወሬ ነበር። ሩጫው ሁሉ ግሬሊንን ወደ ማፈን ዞረ፤ «የረሃብ ሆርሞን» የሚለው ስምም ጸደቀ።

ስሙ ሲጸድቅ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ታለፈ። የግሬሊን በሮች ረሃብን በሚያስተዳድረው ሃይፖታላመስ ብቻ አልነበሩም። ትውስታ በሚከማችበት ሂፖካምፐስም፣ የዶፓሚን ህዋሳት ባሉበት ጥቁር ክፍልም ነበሩ። ምግብ የሚያሰኝ ሆርሞን እዚያ ምን ይሠራል?

ሌላው የሆድ ሆርሞን ፍንጭ መስጠት ጀምሮ ነበር። በባልቲሞር በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም እነ ናይጀል ግሬግ «የስኳር ሆርሞን» የሚባለውን ጂኤልፒ-1 በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ በሚኖሩ የአንጎል ህዋሳት ላይ ሞከሩት። በ2003 ባሳተሙት ሥራ ሆርሞኑ ህዋሳቱን በአልዛይመር ከሚከማቸው አሚሎይድና ኦክስጅንን ከሚያፋፍመው ብረት ጉዳት አድኗቸው ነበር። የሆድ ሆርሞን የአንጎል ህዋስን ከዝገት ሲከላከል ከታየባቸው ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው።

ከ2006 እስከ 2009፦ ማስተንፈሻው

የግሬሊንን ሌላ ገጽ የገለጡት በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሳብሪና ዲያኖ፣ ታማስ ሆርቫትና ዜን አንድሩስ ናቸው። በ2006 እነ ዲያኖ ግሬሊን ወደ ሂፖካምፐስ ገብቶ በህዋሳት መካከል ያሉ መገናኛዎችን እንደሚያበዛ፣ የአይጦችን ትውስታም እንደሚያሻሽል አሳዩ። ነገሩ ለአዳኝ እንስሳ ትርጉም አለው፤ የራበው ምግብ ያየበትን ቦታ ማስታወስ አለበት።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው በ2008 ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሱት የሃይፖታላመስ ህዋሳት በረሃብ ጊዜ ስኳር ትተው ቅባት ያቃጥላሉ። ቅባት ሲቃጠል ነፃ ራዲካል ይበዛል። ታዲያ እነዚህ ህዋሳት ገና በርትተው መሥራት ባለባቸው ሰዓት በራሳቸው ጭስ ለምን አይታፈኑም? እነ አንድሩስ ያገኙት መልስ ዩሲፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው።

ማይቶኮንድሪያን እንደ ግድብ እናስበው። ውሃው ሲጠራቀም ተርባይን የሚያዞር ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ውሃው በየስንጥቁ መርጨት ይጀምራል፤ ያ ርጭት ነው ነፃ ራዲካሉ። ዩሲፒ2 ከጎን የተበጀ ማስተንፈሻ በር ነው። ጥቂት ግፊት ሲያስተነፍስ ርጭቱ ይቀንሳል፣ ተርባይኑም መዞሩን ይቀጥላል። ግሬሊን ህዋሱን ሥራ ሲያዝዘው ማስተንፈሻውንም አብሮ ያስከፍታል። ቫይታሚን ኢ የተረጨውን ውሃ ከመሬት ለመጥረግ የሞከረ ነበር፤ ይህ ግን እላይ ግድቡ ላይ ይሠራል። ከ1993 ጀምሮ የቀረው ጥያቄ እዚህ ላይ የመጀመሪያ መልሱን አገኘ።

ቀጣዩ ጥያቄ ራሱን አቀረበ። በረሃብ ህዋስ የሚሆነው በዶፓሚን ህዋስም ይሆናልን? አንድሩስ ወደ አውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ2009 ከዬል ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሥራ ይህን መለሰ። ግሬሊን የጥቁሩን ክፍል ህዋሳት ያነቃቃል፤ ዶፓሚንም ይጨምራል። የግሬሊን በር በጂን ጥበብ የተነሣባቸው አይጦች በኤምፒቲፒ ሲመረዙ ብዙ የዶፓሚን ህዋስ አጡ። በሩ በዶፓሚን ህዋሳትና በዘመዶቻቸው ላይ ብቻ ሲመለስ ያ ተጨማሪ ጉዳት ቀረ። ግሬሊን የተወጉ አይጦች ከመርዙ የተረፈላቸው ህዋስ በዛ። በመጨረሻም ዩሲፒ2 የሌላቸው አይጦች ግሬሊን ቢሰጣቸውም አልዳኑም። ማስተንፈሻው ከሌለ ትእዛዙ ከንቱ ነው።

2016፦ የራበው አይጥ

ከሰባት ዓመት በኋላ በሞናሽ የ1999ኙ ሁለት ክሮች ተገናኙ። ጃክሊን ቤይሊስ፣ አንድሩስና ባልደረቦቻቸው ምግብ መቀነስ ዱሮ እንደታየው የአይጦችን የዶፓሚን ህዋሳት ከመርዙ እንደሚጠብቅ አረጋገጡ። አዲሱ ነገር ይህ ነው፤ ግሬሊን በማያመነጩ አይጦች ላይ ግን ረሃቡ አልጠበቃቸውም። በዶፓሚን ህዋሳት ውስጥ የኃይል መጓደልን የሚያየው ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይም ሲነሣም የግሬሊን ከለላ ጠፋ። አንጎልን የጠበቀው የሆድ ባዶነት ብቻውን ሳይሆን ባዶው ሆድ የላከው መልእክተኛ ነበር።

ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን የሚጾም አንባቢ እዚህ ላይ ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም። ነገር ግን የላቦራቶሪ አይጥ ጾም በግራም የተመጠነ መኖ ነው፤ በሽታዋም በቀናት ውስጥ በመርፌ የመጣ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጾም ፓርኪንሰንን ይከላከላል ማለት ሙከራው ያላለውን ማናገር ይሆናል።

ከ2013 እስከ 2025፦ ወደ ሰው

በሰው ላይ ቀድሞ የተሞከረው ጂኤልፒ-1 ነው፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ ነበረ። የተፈጥሮው ጂኤልፒ-1 በደም ውስጥ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዘልቅም። በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ኤንግ ጊላ ሞንስተር በሚባለው የአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ የሚመስለውንና የሚቆየውን ሞለኪውል አግኝቶ ነበር። ከእርሱ የተሠራው ኤክሰናታይድ በ2005 ለስኳር ሕመምተኞች ተፈቀደ። የአንጎል ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

ሙከራውን የመራው ቶም ፎልቲኒ ነው፤ ቦታውም ለንደን፣ ስታርሊንግና ቤይሊስ የአንጀትን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙበት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ። በ2013 የወጣ አነስተኛ ሙከራ ተስፋ ሰጠ። በ2017 የ62 ሕመምተኞች ውጤት ሲወጣ፣ በየሳምንቱ ኤክሰናታይድ የተወጉት ፈዋሽ የሌለበት መርፌ ከተወጉት በእንቅስቃሴ መለኪያ ተሽለው ታዩ፤ መድኃኒቱ ከቆመ ከ12 ሳምንት በኋላም ልዩነቱ ነበረ። በ2024 በፈረንሳይ 156 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሙከራ የቅርብ ዘመዱን ሊክሲሰናታይድን ፈትኖ መጠነኛ ጥቅም አየ፤ ግማሽ ያህሉን ግን አቅለሸለሻቸው።

የግሬሊንም ተራ በ2024 ደረሰ። በኔዘርላንድስ ልባቸው ቆሞ በተመለሰላቸው፣ ግን ራሳቸውን እንደሳቱ ገና ባልነቁ 160 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ደም ተቋርጦ ሲመለስ ኦክስጅን በአንድ ጊዜ ጎርፎ አንጎልን ይጎዳልና ሐሳቡ አግባብ ነበረው። ውጤቱ ወደ መልካም ያዘነበለ ነበር፤ አጋጣሚ አይደለም ብሎ ለመማል ግን አላስቻለም።

ከዚያ ትልቁ ፈተና መጣ። በ2025 መጀመሪያ ፎልቲኒና ባልደረቦቹ 194 ሕመምተኞችን ለ96 ሳምንታት የተከታተሉበትን ሰፊ ሙከራ ውጤት አወጡ፤ ኤክሰናታይድ የፓርኪንሰንን ጉዞ አላዘገየም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኖቮ ኖርዲስክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከ3,800 በላይ የአልዛይመር ሕመምተኞች የተካፈሉባቸው፣ ሴማግሉታይድ የተባለው ሌላ ጂኤልፒ-1 መሰል መድኃኒት የተፈተነባቸው ሁለት ሙከራዎችም በሽታውን እንዳላዘገዩ አስታወቀ።

አይጡን ያዳነው ሰውን ለምን ተሳነው? የአይጧ መርዝ በቀናት ይገድላል፤ ከለላውም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ወይም አብሮ ይሰጣል። የሰው ፓርኪንሰን ለዓመታት በድብቅ ሲቦረቡር ይኖርና እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ የዶፓሚን ህዋሳት አልቀዋል። ላለቀ ህዋስ ማስተንፈሻ አይረዳውም። መድኃኒቶቹ አንጎልን ከደም የሚለየውን ግንብ ምን ያህል እንደሚያልፉም ገና ያከራክራል። ግሬሊንን በተመለከተ ደግሞ የቅባት ጅራቱ በደም ውስጥ ቶሎ ስለሚቆረጥ ለረጅም ሕክምና ማዋል አስቸጋሪ ነው፤ ረሃብን መቀስቀሱም አይቀርም።

እነዚህ ሙከራዎች የአይጡን ግኝት አልሻሩትም። ግሬሊን ዩሲፒ2ን ማዘዙ፣ ማስተንፈሻው የኦክስጅንን ጉዳት መቀነሱ በቦታው አለ። ያልተረጋገጠው ይህ መንገድ በታመመ ሰው አንጎል ውስጥ፣ በዚያ በዘገየ ሰዓት፣ ይሠራል የሚለው ነው። «የረሃብ ሆርሞን» የሚለው ስም ግሬሊንን ለዓመታት አሳንሶ አሳይቶታል። ዛሬ «የአንጎል ጠባቂ» ብሎ ሌላ ስም ለማውጣት መቸኮል ያንኑ ስህተት በሌላ ጎን መድገም ነው።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቡድን ከአሥር ዓመት በላይ የለፋበትን ተስፋ የሚያፈርሰውን ውጤት ቁጥሩን ሳይሸፍን አሳተመው። ከዚያ ከ120 ዓመት በፊት ፓቭሎቭ የዚሁ ኮሌጅ ሰዎች የእርሱን ትምህርት ያፈረሱበትን ሙከራ በራሱ ጠረጴዛ ላይ አስደግሞ ቆሞ እንደተመለከተው ማለት ነው። የሆድ ቋንቋ እስከዚህ የተነበበው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው፤ የቀረውም ገጽ የሚነበበው እንዲሁ ነው።